ታይታኒክ ጊኒር የገባ ጊዜ



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በ1992 ዓ.ም. ጊኒር ውስጥ አብረን ስንማር የነበርን አምስት የማህበራችን አባላት ነን። ሐሳቡ የመጣልን ባለፈው ክረምት በስፌት ክፍላችን ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ነው። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤት ገብታ ነበርና ‹ታይታኒክ› የተባለውን ፊልም በላፕቶፗ ይዛልን መጣች። ‹‹ሁልጊዜ የምታወሩት ፊልም ይኸው፤ እስኪ አብረን እንየው›› አለችን። እኛም የስፌት መኪናዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተን፣ ወንበር ደርድረን አየነው። ፊልሙን የምናውቀው መስሎን ነበር። ለካስ ግማሹን አናውቀውም ኖሯል።

ታናናሾቻችን ሴቶች ስለዚያ ጊዜ ቢያውቁ ደስ ስለሚለን፣ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ቪዲዮ ቤትና እኛ

ሲኒማ ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከተከፈቱት የመጀመሪያ የፊልም ማሳያ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ ‹ሰይጣን ቤት› ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው የሰይጣን ሥራ እንጂ የሰው ሥራ አልመሰለውም። ‹ሂሩት አባቷ ማነው› የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ እኛ ገና አልተወለድንም። እኛ ሲኒማ ማለት ቪዲዮ ቤት ብለን ነው ያደግነው።

ቪዲዮ ቤት ምን እንደሚመስል የማታውቁ ልጆቻችን ብዙ ናችሁ። ጨለማ ክፍል፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥንና ዴክ፣ በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ ነበር። የዕለቱ ፊልም ስም በካርቶን ላይ ተጽፎ ደጅ ይሰቀላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ እምቢ ካለ ደግሞ ጩኸት ይነሳል። የሚታየው ባብዛኛው የአሜሪካ የጦር ፊልም፣ የቻይና ካራቴና የህንድ ፊልም ነበር። የህንዱን ቤት ውስጥ ሆነን ሙዚቃውን በግድግዳ በኩል እንሰማው ነበር እንጂ ገብተን አናየውም። ቪዲዮ ቤት የወንዶች ቦታ ነውና። ሴት ልጅ እዚያ ስትገባ ከታየች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል፤ ማታ ዱላ፣ ጠዋት የጎረቤት አፍ ይጠብቃታል።

እኛ ፊልም ማየት የቻልነው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ጎረቤታችን ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ነበረች። በላቧ ባገኘችው ገንዘብ ቴሌቪዥንና ዴክ ገዝታ መጥታለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ብቻ ብላ ከፈተችልን። በነፍስ ወከፍ ሃምሳ ሳንቲም እንከፍላለን፤ ቡና ግን በነጻ ነበር። እናቶቻችንም ‹‹እትዬ ቤት ነው›› ስንል ዝም ይሉናል፤ አንዳንዶቹም ‹‹ልጄን ልጠብቅ›› እያሉ መጥተው ከእኛ በፊት ቦታ ይይዙ ነበር።

ሁለት ካሴት

‹ታይታኒክ› በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን፣ ዋና ተዋንያኑ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮና ኬት ዊንስሌት ናቸው። በመጋቢት 1990 ዓ.ም. 11 የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ በገቢም በዓለም አንደኛ ሆኖ ለ12 ዓመታት ያህል ቆየ። ፊልሙ ሄዶ ያልደረሰበት አገር አልነበረም። አፍጋኒስታን ውስጥ ታሊባን ፊልም ማየትን በከለከለበት ዘመን እንኳ የካቡል ሰው በድብቅ አይቶት ነበር፤ በደረቀው ወንዝ ውስጥ የተከፈተውን ገበያ ‹ታይታኒክ ገበያ› ይሉት ጀመር። የጃክን የጸጉር አቆራረጥ ለደንበኞቻቸው የቆረጡ ጸጉር አስተካካዮችም ታስረዋል።

ወደ እኛ የደረሰው በ1992 ዓ.ም. ነው። አገሩ ጦርነት ላይ ነበር። ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ውጊያ ገና አልቆመም፤ ከየሰፈሩ የዘመቱ ወንድሞች ነበሩን። ራዲዮ ሲከፈት ሁሉም ዝም የሚልበት ጊዜ ነው። ሰው ሳይሰናበት የሚለያይበት ፊልም በዚያ ዓመት ልባችንን ባይነካ ነበር የሚገርመው።

ካሴቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ከሮቤ በአውቶቡስ መጣ። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በአንድ ካሴት አይበቃም፤ ሁለት ካሴት ነበር። እትዬ እጅ የገባው አንደኛው ብቻ ነው። ‹‹ሁለተኛውን ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይላካል›› ተባለ።

እንግሊዝኛውን የሚተረጉምልን የእትዬ ታናሽ ወንድም ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ጣቱን ዴኩ ላይ አድርጎ፣ የገባውን ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ ይነግረናል። ያልገባውን ደግሞ ከራሱ ይጨምራል። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ያለ እሱ ምንም ባልገባን ነበር። ሆኖም ከጨመራቸው ነገሮች አንዱ ከሃያ ዓመት በላይ አሳስቶናል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ታሪኩን ላላያችሁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ሮዝ የ17 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ለአንድ ባለጸጋ የብረት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ አጭታታለች። ልጅቷ ሰውየውን አትወደውም። መርከቡ ላይ ጃክ ከሚባል፣ ቲኬቱን በካርታ ጨዋታ ካሸነፈ ድሃ ሠዓሊ ጋር ይዋደዳሉ። መርከቡ እንደሚሰምጥ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ስብርባሪው ባሕር ውስጥ ሲታይ ነው ፊልሙ የሚጀምረው። ሮዝም እንደተረፈች ይታወቃል፤ አርጅታ ታሪኩን የምትናገረው እሷ ናት። የማይታወቀው የጃክ መጨረሻ ነው።

አንደኛው ካሴት እዚህ ላይ አለቀብን። ያንን ሰሞን ክፍል ውስጥም፣ ውኃ ስንቀዳም ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንዷ ‹‹ይሞታል›› ትላለች። ሌላዋ ‹‹ሌላ መርከብ አንስቶት ይሆናል›› ትላለች። ከሁላችን ጎበዟ፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ጓደኛችን ግን ‹‹አብረው አርጅተዋል፤ አሮጊቷን ሲያሳዩ እሱ ጓሮ ሆኖ ነው›› ብላ አሳቀችን። የዚህች እህታችንን ታሪክ የምንጽፈው እሷው ፈቅዳልን ነው፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ሁለተኛውን ያላየችው

አባቷ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. ክረምት ታመው ሞቱ። ከሞቱ በኋላ ዕዳ እንዳለባቸው ታወቀ። እናቷ አራት ልጆች ይዘው ቀሩ፤ በስማቸው ምንም የሌላቸው፣ የራሳቸው ገቢ ያልነበራቸው ሴት ናቸው። ከአበዳሪዎቹ አንዱ በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። ዕዳውን አልጠየቀም፤ ሽማግሌ ላከ። እናቷም ተስማሙ።

ሠርጉ በጥር 1992 ዓ.ም. ሆነ። እሷ 15 ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል። ወደ ቆላ ተወሰደች። ሁለተኛው ካሴት ከሮቤ የመጣው እሷ ከሄደች ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እትዬ ቤት ተሰብስበን አየነው። ጃክ በረዶ ውኃ ውስጥ ሲቀር ያላለቀሰ አልነበረም፤ እናቶችም አለቀሱ። ለቀናት ዓይናችን አብጦ ሰነበተ። ዛሬ ስናስበው የሚያሳፍረን አንድ ነገር አለ። ለጃክ ያለቀስነውን ያህል ለጓደኛችን አላለቀስንም። የእሷ ነገር የተለመደ ነው፤ የሷ ‹ዕድሏ› ነው ተባለ፣ እኛም ተቀበልን። እሷ ስትዳር እልል አልን፤ ሮዝ ስትታጭ ተናደድን።

ሕጉም ቢሆን በዚያ ጥር ብዙ አይረዳትም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንዱን 18 ያደርገዋል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ልጅ የጠለፈ ሰው ከጠለፋት ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ቢደነግግም ዝርዝሩ ሕግ ገና አልተለወጠም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ ዕድሜውን 18 ያደረገው በሰኔ 1992 ዓ.ም. ነው፤ ከሠርጓ ከጥቂት ወራት በኋላ ማለት ነው። የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ጠላፊ በማግባት እንዳያመልጥ አደረገ፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ያለ ዕድሜ ጋብቻም ወንጀል ሆነ።

እነዚህ ሕጎች በራሳቸው የመጡ አይደሉም። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበርን የመሰሉ የሴቶች ማህበራት ለዓመታት ታግለውባቸዋል። በጎረቤታችን በአርሲ የተጠለፈችና ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ክስ ቀርቦባት ማህበሩ ጥብቅና የቆመላት፣ ነጻም የወጣችው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ‹ድፍረት› የተባለው የ2006 ዓ.ም. የአማርኛ ፊልም የተሠራው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው።

እንጀራ እናት አልነበረችም

እህታችን ወደ ጊኒር የተመለሰችው ሁለት ልጆች ይዛ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ማህበራችን ገባች፤ የሳምንት ቁጠባዋን እየጣለች፣ በእግር በሚረገጥ መኪና ስፌት ተማረች። ዛሬ አዳዲስ አባላትን የምታስተምረው እሷ ናት። ባለፈው ክረምት ላፕቶፑ ፊት ስንቀመጥ ሁለተኛውን ካሴት ያላየች ከመካከላችን እሷ ብቻ ነበረች።

አሁን የሚተረጉምልን የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ ናት። ፊልሙ መካከል ላይ የሮዝ እናት የልጇን የወገብ ማጥበቂያ በገመድ እየሳበች የምታናግርበት ቦታ አለ። ልጅቷ ፊልሙን አቆመችና ተረጎመችልን። አባትየው የተዉት ትልቅ ስምና ትልቅ ዕዳ ብቻ ነው፤ ይህ ጋብቻ ካልሆነ ገንዘቡ አልቋል። እናትየው ልጇን የምትጠይቃት ‹ልብስ ሰፊ ሆኜ ስሠራ ልታዪኝ ትፈልጊያለሽ ወይ› የሚል ነገር ነው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ሁላችንም ሳቅን። የተቀመጥነው በስፌት መኪና ተከበን ነዋ! ለሮዝ እናት ከሞት የማይሻል የመሰላት ነገር የእኛ እንጀራ ነው። ልጆቻችንን ያስተማርንበት፣ ጣሪያ በቆርቆሮ የለወጥንበት ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ግን ይህን አልሰማንም። የእትዬ ወንድም እዚህ ቦታ ሲደርስ ‹‹ይቺ እንጀራ እናቷ ናት፤ ልትሸጣት ነው›› ብሎ ነበር የነገረን። ምናልባት ያልገባውን ከራሱ ሞልቶ ነው፤ ምናልባትም የወለደች እናት እንዲህ ታደርጋለች ብሎ ማመን ከብዶት ነው። እኛም ያንን ይዘን ኖርን። ክፉዋ እንጀራ እናት ስለሆነች፣ ነገሩ ሁሉ ለመረዳት ቀላል ነበር።

‹‹እናቷ ናት እንዴ? የወለደቻት?›› ብላ ጠየቀች እህታችን።

‹‹አዎ፣ የወለደቻት›› አለች ልጅቷ።

እህታችን ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ‹‹የእኔም እናት እንጀራ እናት አልነበረችም›› አለች። ከዚያ ‹‹ቀጥይ›› አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ደጋግመን የተነጋገርነው በዚህ ላይ ነው። በ15 ዓመታችን ያየነው ሁለት ፍቅረኞችን ነበር። ዛሬ ያየነው የራሳቸው ገቢ የሌላቸውን እናትና ልጅ ነው። የሮዝ እናት ክፉ ስለሆነች ብቻ አይደለም ልጇን የሰጠችው። ያደገችው ሴት በትዳር እንጂ በሥራ አትኖርም ተብሎ ነው፤ ባሏ ሲሞት በእጇ የቀረ ነገር አልነበረም። ልጇ የመጨረሻ ንብረቷ ሆነች። ይህ አድራጎቷን ትክክል አያደርገውም። ግን የጊኒርን እናት ከፊላደልፊያ ሴት ጋር አንድ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ይነግረናል።

መርከቡ ራሱ

ጃክና ሮዝ የፈጠራ ሰዎች ናቸው፤ መርከቡ ግን እውነት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. ሌሊት ሰመጠ። የያዘው ሕዝብ 2,200 ያህል ነበር። የሕይወት አድን ጀልባዎቹ 20፣ መያዝ የሚችሉትም 1,178 ሰው ነው። 1,500 ያህል ሰዎች ሞቱ።

‹ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ› ተብሎ እንደነበር ሁሉም ያወራል። እውነት ነው፤ ተብሏል። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ጉባኤ ያሰፈረውን ቁጥር ልብ በሉ። በአንደኛ ማዕረግ ከተሳፈሩ 144 ሴቶች 140 ተረፉ። በሦስተኛ ማዕረግ ከተሳፈሩ 165 ሴቶች የተረፉት 76 ብቻ ናቸው። የባለጸጎቹ ሴቶች የሞቱት አራት፣ የድሆቹ 89 ማለት ነው። ጀልባዎቹ ያሉት በላይኛው ደርብ፣ የድሆቹ መኝታ በታች ነው፤ መንገዱን የሚያሳይ ጥቂት፣ እንግሊዝኛ የማይሰማው ብዙ ነበር። ሴቶች ይቅደሙ መባሉ መልካም ነው። ቢሆንም ከጀልባው ርቃ የተኛችው ሴት ትእዛዙን እስክትሰማ ጀልባው ይሄዳል።

ስለ ሕጋችንም የምናስበው እንዲሁ ነው። 18 ዓመት የሚለው ሕግ መልካም ጀልባ ነው፤ ብዙ ልጆች ተሳፍረውበታል። ግን ባሏ የሞተባት፣ ዕዳ ያለባት፣ በስሟ ምንም የሌላት እናት ከታች ናት። ጀልባው ድረስ የሚያወጣት መሰላል ያስፈልጋታል። ማህበራችን የሐዘን ጊዜ ፈንድ ያቋቋመው፣ አባት በሞተበት ቤት የልጆች ትምህርት እንዳይቋረጥ ከወለድ ነጻ ብድር የምንሰጠው ለዚህ ነው። ደጋፊዎቻችን የገዛችሁልን የስፌት መኪና ሁሉ የዚያ መሰላል አንድ እርከን ነው ብንል ማጋነን አይደለም።

የመጨረሻው ክፍል

ጃክ ሲሞት በዚህ ዙርም አለቀስን፤ አይቀርም። እህታችን ግን አላለቀሰችም። እሷ ዓይኗን የጣለችው መጨረሻው ላይ፣ አሮጊቷ ሮዝ በተኛችበት አልጋ አጠገብ የሚታዩት ፎቶግራፎች ላይ ነው። ልጆች ሳለን ለቅሶ ላይ ስለነበርን አላየናቸውም። ሮዝ ከመርከቡ ከተረፈች በኋላ የኖረችውን ኑሮ ያሳያሉ፤ አውሮፕላን አጠገብ ቆማ፣ ዓሣ አጥምዳ፣ በባሕር ዳር ፈረስ ላይ እንደ ወንድ ተቀምጣ።

‹‹አቁሚው›› አለች እህታችን ፈረሱን ስታይ። ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ ‹‹ይቺማ የባሌ ሰው ናት›› አለች። የተሳቀው ሳቅ ደጅ ድረስ ተሰማ።

ፊልሙ ሲያልቅ ተነስታ መኪናዋን ወደ ቦታዋ መለሰች። መስከረም እየደረሰ ስለነበር የተማሪዎች ዩኒፎርም ትእዛዝ ነበረባት፤ ከሚለብሱት መካከል ስምንተኛ ክፍል የምትገባው የገዛ ልጇ አለችበት። እናቷ ዛሬም በሕይወት አሉ። በማግሥቱ እሑድ ሄዳ ቡና አፍልታላቸው እንደመጣች ነግራናለች። ስለ ፊልሙ ነግራቸው እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ከእናንተም መካከል በልጅነቷ ያየችውን፣ የሰማችውን ወይም ያነበበችውን ነገር ዛሬ ላይ ሆና በሌላ ዓይን ያየች ብትኖር፣ ለሚቀጥለው እትም ጽፋ ብትሰጠን ደስ ይለናል። መጻፍ የማትችል አባል ትንገረን፤ እኛ እንጽፍላታለን።